ወደ ግድግዳ የዞሩ ወንበሮች

ምንም ድምፅ ሳልልክ አባዬ መጫኛዋን ተጫነ። በእኔ በኩል ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ቦግ ብላ ጠፋች። ቀና ብዬ አየሁት። የጆሮ ማዳመጫውን ራሱ ላይ ደፍቶ፣ መጫኛዋን በአውራ ጣቱ ይዞ፣ ጥያቄ እንደመለሰ ተማሪ ፈገግ ብሎ ያየኛል። ሳያስበው ነው ብዬ አለፍሁት። ሦስት ድምፅ በተከታታይ ላክሁለት፤ ሦስቱንም ተጫነ። ከዚያ ድምፁን አጥፍቼ ማብሪያውን ብቻ አነሣሁ። መብራቷ አሁንም ቦግ አለች።

እሑድ ከምሳ በኋላ ነበር፤ ሳሎን ውስጥ፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ። መሣሪያውን ያመጣሁት ከቅዳሜ ክበብ ነው።

የፊዚክስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከእኛ በፊት የተመረቁ ልጆች ሥራ ፍለጋ ሲሄዱ «ቀመሩን ታነበንቡታላችሁ፤ ብሎን መፍታት ግን አታውቁም» እየተባሉ ይመለሱ ነበር። ይህን የሰሙ አንድ ጡረታ የወጡ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በምድር ቤቱ ወርክሾፕ ፈቃደኛ የሆነውን የሳይንስ ተማሪ ሁሉ ሰብስበው የእጅ ሥራ ማስተማር ጀመሩ። ሽቦ መበየድ፣ መለኪያ ማስተካከል፣ መዝገብ በሥርዓት መያዝ፣ ሳይንስ ላልተማረ ሰው ነገርን በቀላል ቋንቋ ማስረዳት። ማርክ የለው፣ ሰርተፊኬት የለው። እማዬ ስትሰማ «በባዶ እጅ? ቅዳሜን የሚያህል ቀን?» ብላ የሳምንቱ ልብስ አጠባ በማን ላይ እንደወደቀ አስታውሳኛለች።

ሰውየውን ጋሽ ድገሙት እንላቸዋለን። የትኛውንም ውጤት ይዘንላቸው ብንሄድ የመጀመሪያ ቃላቸው «ድገሙት» ነው። «አንዴ የተለካ ነገር ወሬ ነው። ሁለቴ ሲለካ ምስክር ይሆናል። ሦስቴ ስትለኩት ያኔ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን» ይላሉ።

በሁለተኛው መንፈቅ የሠራነው የጆሮ መፈተሻ ነበር። አንዲት ሣጥን፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫ፣ ተፈታኙ ድምፅ በሰማ ቁጥር የሚጫናት አንዲት መጫኛ። ስድስት ዓይነት ድምፅ አላት፤ ከወፍራሙ ጀምሮ እስከ ቀጭኑ። እያንዳንዱ ከሹክሹክታ ተነሥቶ እስከ ጩኸት አሥር ደረጃ ይወጣል። ፈታኙ ድምፅ ሲልክ ማብሪያውን ያነሣል። ከአሥር ጊዜ ሁለቱን ግን ማብሪያው ይነሣል እንጂ ድምፅ አይሄድም። ይህን «ባዶ» እንለዋለን። ባዶ ሲላክለት የሚጫን ሰው እየሰማ አይደለም፤ እየገመተ ነው።

የአፈታተኑን መመሪያ የጻፈው ኮሚቴው ነው። ኮሚቴው አንድ ሰው ነው፤ የኬሚስትሪ ተማሪ። ያልገባበት ኮሚቴ ስለሌለ ስሙ ተረስቶ ይህ ተለጠፈበት። «ፈታኙና ተፈታኙ ፊት ለፊት ይቀመጡ» ብሎ ጻፈ፤ ሁላችንም እጃችንን አውጥተን አጸደቅን። የምንፈትነው እናት አባቶቻችንን፣ ጎረቤቶቻችንን ነው። ለታላቅ ሰው ጀርባ መስጠት፣ ወይም ታላቅን ሰው ጀርባህን ስጠኝ ማለት፣ ለአንዳችንም አልታሰበም። ከዚያ እያንዳንዳችን አምስት ሰው ፈትነን እንድንመጣ ታዘዝን።

ከአባዬ በፊት እማዬን ፈትኜ ነበር። ጆሮዋ ጉድ ነው። እኔ ራሴ ያልሰማሁትን ቀጭን ድምፅ በሁለተኛው ደረጃ ያዘችው።

«ሁለት ግድግዳ አልፎ ሐሜት የሚለቅም ጆሮ፣ ይህ ምን ይሳነዋል?» አለ አባዬ።

«አንተ ደግሞ የምትፈልገውን ብቻ ነው የምትሰማው» አለችው። «ና እርዳኝ ሲሉት ድንጋይ ነው። ምሳ ቀረበ ሲሉት ከሜዳ ማዶ ይሰማል!»

ይህ የቤታችን የቆየ ቀልድ ነው። እኔም ስቄ ነው የጆሮ ማዳመጫውን አባዬ ላይ ያደረግሁት። አባዬ በብረታ ብረት ፋብሪካ የክሬን ኦፕሬተር ነው፤ ከተቀጠረ ሃያ ስድስት ዓመቱ። ከአዳራሹ ጣሪያ ሥር በሐዲድ ላይ በምትሄድ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ የብረት ምሰሶ ያነሣል፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ያሻግራል። እታች ምልክት ሰጪ አለው። ለአሥራ ሰባት ዓመት አብሮት የሠራው ምልክት ሰጪ ባለፈው ዓርብ ጡረታ ወጥቷል። ምሳ ላይ ስለተተኪው ሲያጫውተን ነበር።

«ከነገ ጀምሮ አንድ ፍሬ ልጅ ነው የሰጡኝ። አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሎ፣ ቁርጥ የእግር ኳስ ዳኛ! ቁም ለማለት ይነፋልሃል አሉኝ። የድሮው ሰውዬ በእጁ ነበር ሁሉን የሚነግረኝ። ይሄኛው ቀይ ካርድም ሳይዝ አይቀርም።»

እንግዲህ መብራቷ ሁለተኛ ጊዜ በባዶ ስትበራ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሣጥኗ ተበላሽታለች የሚል ነበር። ሽቦዎቹን ነካካሁ። ደህና ናቸው። ከዚያ የአባዬን ዓይን አየሁ። የሚያየው እኔን አልነበረም። ማብሪያው ላይ ያረፈ ጣቴን ነበር።

«አባዬ፣ እስቲ አንዴ ዞረህ ተቀመጥ።»

«ጀርባዬን ልስጥሽ? ምን አድርገሽኝ?»

«ለሙከራ ነው።»

ከሣቀ በኋላ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረ። የመጀመሪያውን ወፍራም ድምፅ ላክሁ፤ በአምስተኛው ደረጃ ተጫነ። ሁለተኛውን በስድስተኛው ያዘው። ወደ ሦስተኛው አለፍሁ። አምስት። ስድስት። ሰባት። መብራቷ ዝም። አራተኛውን ሞከርሁ። እስከ አሥር አደረስሁት፤ ዝም። አምስተኛውን በአሥር ላክሁት። ድምፁ ከጆሮ ማዳመጫው ሾልኮ ሳሎኑን ሞላው።

«ምንድን ነው የሚያፏጨው?» አለች እማዬ ከማድ ቤት። «ማንቆርቆሪያ የጣደ አለ?»

አባዬ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቁጭ ብሏል። አውራ ጣቱ መጫኛዋ ላይ ነው፤ ቀጥ ብሎ፣ ዝግጁ ሆኖ፣ እየጠበቀ።

ክው አልሁ። ስድስተኛውን መላክ እንኳ አልቻልሁም። ያ ድምፅ ለእኔ ጥርስ የሚያፋጭ ነበር፤ ከእኔ አንድ ክንድ የማይርቀው ሰው ግን ትከሻው እንኳ አልነቃነቀም። ሣጥኗን አጠፋሁና ትከሻውን ነካሁት። ማዳመጫውን አውልቆ ዞረ።

«እሺ፣ ስንት አመጣሁ?» አለ።

«ጥሩ ነው፣ አባዬ» አልሁት።

አንድ ቃል ነው፤ አምልጦኝ ወጣ። ለመመለስ ግን ስድስት ቀን ፈጀብኝ።

በዚያች ሰዓት ያሰብሁትን ዛሬ ስናገረው ያሳፍረኛል። አባዬ አታሎኛል ብዬ ነው ያሰብሁት። ለጡረታው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ጆሮው መሞቱ ከታወቀ ከጋቢናው ያወርዱታል። ስለዚህ ለዓመታት እያወቀ ደብቆናል፤ ዛሬም ጣቴን እያየ ፈተናውን ሊያልፍ ነበር። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? በባዶ የተጫነ ሰው ገማች ነው፤ መመሪያችን ላይ ተጽፏል።

ሰኞና ማክሰኞ እንደ ሰላይ አየሁት። ቤት ሲገባ ሁልጊዜ የሚቀመጠው በሩም መስኮቱም በሚታዩበት ወንበር ላይ ነው። ሰው ሲያናግረው ሥራውን አስቀምጦ ፊቱን ሙሉ በሙሉ ያዞራል፤ ይህን ጨዋነት ብለን ስንኮራበት ኖረናል። ቴሌቪዥን ሲያይ ዓይኑ ከዜና አንባቢዋ አፍ አይነቀልም። እማዬ ከጀርባው «ያን ሶፋ ግፋልኝ» አለችው፤ ድንጋይ። ፊት ለፊቱ መጥታ በለሆሳስ ደገመችለት፤ ብድግ አለ። እማዬ ሣቀች። እኔ አልሣቅሁም።

መናገር ነበረብኝ። አውቄዋለሁ። ፊሽካ ቀጭን ነው፤ እኔ በአሥረኛው ደረጃ ከላክሁት ድምፅ አይወፍርም። ግን አንዴ የተለካ ነገር ወሬ ነው እያልሁ ራሴን አጽናናሁ። ሳልደግመው እንዴት የሰውን እንጀራ እዘጋለሁ? ምናልባት ሣጥኗ ናት። ረቡዕ ከክፍል በኋላ ሣጥኗን ይዤ ምድር ቤት ወረድሁና ከዋናው መለኪያ ጋር አስተያየኋት። ጋሽ ድገሙት በመነጽራቸው ጫፍ አዩኝ።

«ንጹሕ ናት» አሉ ቁጥሮቹን ካዩ በኋላ። «ምን አጠራጠረሽ?»

«ምንም፣ ጋሼ።»

«ምንም ብሎ ሣጥን ተሸክሞ ሦስት ፎቅ የሚወርድ ተማሪ አይቼ አላውቅም።»

ሣጥኗን መልሼ ሸከፍሁ። እሳቸውም ተዉኝ።

ያን ዕለት ማታ፣ ራት ላይ አባዬ በሣቅ እየፈነዳ ገባ።

«ያ ዳኛ ዛሬ ሜዳ ገባላችሁ!» አለ። «ምሰሶ ተሸክሜ ስሄድ፣ ንብ እንዳባረረው ሰው እጁን እያወናጨፈ ሮጦ ክሬኑ ሥር አይገባም? ባላየው ኖሮ አልቆለት ነበር። ቀጥ አድርጌ አቆምሁ። እብድ ነው ልጁ!»

ማንኪያዬን አስቀመጥሁ።

«ፊሽካውስ?» አልሁት። «አልነፋም?»

«የት ነፍቶ! ረስቶት ነው እንጂ። አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ለጌጥ ነው መሰለኝ።»

ፊቱን አየሁት። አንዲት ጡንቻ እንኳ አልተንቀሳቀሰችም። እንዴት አድርጎ ይዋሻል አልሁ በልቤ። አባቴ፣ አንዲት ውሸት ስዋሽ ይዞኝ ሳምንት ሙሉ ያኮረፈኝ ሰው፣ የሰው ሕይወት በሚያህል ነገር ላይ እየሣቀ ይዋሻል። እስከ ንጋት እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም፤ ጠዋት ቡናውን ሳይጨርስ እነግረዋለሁ አልሁ። ጠዋት ስነሣ ወጥቷል።

ሐሙስ ዩኒቨርሲቲ ስደርስ ኮሚቴው በደስታ እየተንደረደረ መጣ።

«አንቺ! ጉድ አለልሽ። የቅዳሜ ልምምዳችን የት እንደሆነ ገምቺ።»

«ኮሚቴ፣ ዛሬ ለጨዋታ ጊዜ የለኝም፤ ንገረኝና ልሂድ።»

«አባትሽ ፋብሪካ! የደኅንነት ኃላፊው ፈቀደ። ከሰዓት ፈረቃው ሲወጣ በመመገቢያ አዳራሹ ሠላሳ ሰው እንፈትናለን። ውጤቱን ለእሱ እንሰጣለን። ለአንቺ ብዬ ነው እኮ የመረጥኩት! ምነው? ምን ሆንሽ? ውሃ ላምጣልሽ?»

ድንጋጤው ካለፈ በኋላ የመጣብኝ ስሜት ግን እፎይታ ነበር። እኔ መናገር የለብኝም፤ ወረቀቱ ይናገራል። ጓደኞቼ ይፈትኑታል፣ አያልፍም፣ ኃላፊው ያወርደዋል፤ የእኔ እጅ የለበትም። ደረጃውን ግማሽ ያህል እንደወጣሁ ነው ትዝ ያለኝ። ፊት ለፊት ከተቀመጠ ያልፋል። ስድስቱንም ይጫናል። ባዶውን ሲጫን ደግሞ ኮሚቴው፣ እግዜር ይስጠውና፣ «ጋሼ ደንግጠው ነው» ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ አባዬ ጆሮው ደህና መሆኑ በማኅተም ይረጋገጥለታል።

ዓርብ በስብሰባችን ላይ እጄን አወጣሁ።

«ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ ይዙሩ።»

«ምን?» አለ ኮሚቴው። «አባት የሚያህል ሰው ግድግዳ እያየ ይቀመጥ? እንደተቀጣ ተማሪ? ነውር እኮ ነው!»

«ጣታችንን ያያሉ። ማብሪያውን ስናነሣ እያዩ ይጫናሉ።»

«ማን ነው እንዲህ የሚያደርግ?»

ጋሽ ድገሙት መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉ። «ልክ ናት። ይህን መሳታችን የእኔ ጥፋት ነው። ወንበሮቹ ይዙሩ» አሉ። ሌሎቹ ሲወጡ ግን እኔን አስቀሩኝ።

«ማንን ነው የለካሽው?»

«አንድ ሰው ነው፣ ጋሼ።»

«አንድ ሰው። ነገርሽው?»

«ልድገመው ብዬ...»

«ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው አልተቆጣም። «ድገሙት የምላችሁ እንድታውቁ ነው፤ እንድትሸሸጉበት አይደለም።»

ልነግረው ቆርጬ ቤት ገባሁ። አባዬ የክት ሸሚዙን እየተኮሰ ነበር። «ልጄ ናት ነገ የምትመጣው ብዬ ፋብሪካውን አጥለቀለቅሁት» አለኝ። «ከክሬኔ ሥር የሚሠራው በያጁ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹አንተ፣ ልጅህ ሐኪም አይደለችም፤ ጆሮ ምን ታውቃለች?› አለኝ። ሳይንስ የሚሉት ይህ ነው፣ ነገ ታየዋለህ አልኩት።» ሸሚዙን አንሥቶ በመብራቱ በኩል አየው፤ አንዲት የተጨማደደች ቦታ ሲያገኝ መልሶ ዘረጋው። አፌን ከፈትሁ። «ይኼኛው እጅጌ ይቀረዋል» አልሁትና ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ቅዳሜ መመገቢያ አዳራሹ ስንገባ ማሽኖቹ ቆመው ነበር። ዘይትና የጋለ ብረት ይሸታል። አራት ወንበር ወደ ግድግዳው አዙረን ደረደርን። ሠራተኞቹ እጃቸውን ታጥበው፣ ፀጉራቸውን አርሰው፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ወንበሮቹን አይተው ቆሙ።

«ምን አጠፋን?» አለ አንዱ።

«ተንበርከኩ ሳይሉን እንቀመጥ» አለ ከኋላ ሌላው፤ አዳራሹ በሣቅ ተናጋ።

አባዬ ሦስተኛ ነበር። ወንበሩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ከዓይኑ ንዴት ወይም ፍርሃት ጠበቅሁ። ጠቀሰኝ። እሑድ ተለማምጄዋለሁ ማለቱ ነው። ለዚያ ቀን ዘመድ ዘመድን አይፈትንም የሚል ደንብ ስላወጣን ወደ ኮሚቴው ወንበር ሄዶ፣ የተተኮሰ ሸሚዙን አስተካክሎ፣ ግድግዳውን አይቶ ተቀመጠ።

እኔ የራሴን ተፈታኝ ትቼ እሱን ነበር የማየው። የመጀመሪያውን ተጫነ። ሁለተኛውን ተጫነ። ከዚያ የኮሚቴው እጅ ማብሪያውን ያነሣ ጀመር፤ እንደገና፣ እንደገና። ድምፁ ከማዳመጫው ሾልኮ ወጣ። መጀመሪያ በአጠገቡ ያሉት ዞሩ። ቀጥሎ ሰልፉ ሁሉ።

«ጋሼ እንቅልፍ ወሰዳቸው!» አለ ከሰልፉ አንዱ።

ጥቂቶች ሣቁ። ድምፁ ከፍ አለ፤ አሥረኛው ደረጃ ነው። ሣቁ ቆመ። አዳራሹ ውስጥ ከዚያ ቀጭን ጩኸት በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም፤ አባዬም አውራ ጣቱን መጫኛዋ ላይ እንዳደረገ፣ ደረቱን ነፍቶ ተቀምጦ ነበር። ኮሚቴው ገርጥቶ አየኝ። የማውቀው ነገር እንደነበረኝ ገብቶታል።

ሄጄ የአባዬን ትከሻ ነካሁ። አውልቆ ዞረ፤ ሰው ሁሉ ሲያየው አየ።

«ጨረስን?»

«አባዬ» አልሁ። አፌን እንዲያይ ቀስ ብዬ ተናገርሁ። «ስድስት ድምፅ ነው የተላከልህ።»

«ሁለት ነው።»

«ስድስት ነው።»

«ሁለት ነው እንጂ፣ ልጄ። እሑድም እኮ ሁለት ነው የላክሽልኝ። ከዚያ ዝም አልሽ፤ እየጻፍሽ መሰለኝ።»

«ሳትዞር በፊት ግን ሁሉንም ተጭነህ ነበር! ባዶውን እንኳ!»

«አዎ። ጣትሽ ሲነሣ ሰማሁ» አለ። ከዚያ ቃሉ ለራሱም እንግዳ እንደሆነበት ቆም አለ። «ሰው ሲያወራ አፉን አይቼ እንደምሰማው። እንዲያ አይደለም እንዴ የሚሰማው?»

አልዋሸኝም። አልደበቀኝም። አያውቅም ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት በብረት መሐል ጆሮው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲሞት ዓይኑ ቦታውን ተክቶ፣ የቱ የማን ሥራ እንደሆነ ለራሱም ጠፍቶት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሰላይ ሆኜ የተከታተልሁት ወንጀለኛ፣ ስንት አመጣሁ ብሎ የጠየቀኝ የምሩን ነበር።

አባዬ ማዳመጫውን በእጁ እያገላበጠ ቆየ። ከዚያ ዓይኑ ሰልፉን አሰሰና ፊሽካ ያንጠለጠለው ወጣት ላይ ዐረፈ።

«አንተ ልጅ። ረቡዕ ዕለት... ነፍተህ ነበር?»

ወጣቱ ዙሪያውን አየ። የደኅንነት ኃላፊው በሩ ላይ ቆሟል።

«አራት ጊዜ፣ ጋሼ» አለ።

«አራት?»

«ምሰሶው ከበያጁ ራስ በላይ እየወረደ ነበር። ነፋሁ፤ እርስዎ አልቆሙ። ነፋሁ፤ እሱ ከሥር አልተነሣ። መጨረሻ ላይ ሮጬ መሐል ገባሁ እንጂ ምን ላድርግ?»

«ለምን አልተናገርክም?»

«አዲስ ነኝ።» አንገቱን ደፋ። «ንቃችሁኝ መሰለኝ። ሁላችሁም።»

አባዬ ወንበሩን ይዞ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ድንጋጤ ከዚያ በፊት በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም፤ ከላይ ሆኖ ቁልቁል ራሱን ያየ ይመስል ነበር። ስለ ሥራው አንድም ቃል አላነሣም። «ሰውዬውን ልገድለው ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ እሑድ አውቀሻል።»

«አውቄያለሁ፣ አባዬ።»

«ጠይቄሽ ነበር።»

ምን እላለሁ? ልድገመው ብዬ ነበር ልበል? ሣጥኗን ሳስተያይ ነበር ልበል? ረቡዕ በእሑድና በቅዳሜ መሐል ናት፤ ዝም ካልሁባቸው ቀናት አንዷ ናት። እንባዬ መጣ። አባዬ አላጽናናኝም። ደግ ሰው ነው፤ ያን ዕለት ግን አላጽናናኝም፤ ልክ ነበር።

ከኪሱ የጋቢናዋን ቁልፍ አወጣና ተነሥቶ ለደኅንነት ኃላፊው ሰጠው። ኃላፊው «ጋሼ፣ ሰኞ እንነጋገራለን፤ ምን አስቸኮልዎ» ሲል፣ «ሰኞ ሌላ ሰው ይውጣባት» አለው። ኃላፊው ቁልፉን ይዞ ቀረ። የሚያየው ግን አባዬን አልነበረም። ከጀርባችን የሆነ ቦታ አፍጥጦ ነበር።

ዞርሁ። በአራተኛው ወንበር ላይ በያጁ ተቀምጧል፤ ጀርባውን ሰጥቶን፣ ሰፊ ትከሻውን ዘርግቶ። የሚፈትኑት ጋሽ ድገሙት ናቸው። ጫጫታችን ሲቆም ነው ያ ቀጭን ድምፅ እንደገና የተሰማን፤ የመጨረሻው ደረጃ። ለካ ስንነጋገር ሁሉ እየጮኸ ነበር። የበያጁ አውራ ጣት አልተንቀሳቀሰም። ሰልፉን አየሁት። ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ቆሟል። አንዳንዶቹ በያጁን፣ አንዳንዶቹ ጣሪያውን ያያሉ። ሁለት ሦስቱ ደግሞ ወደ ጎናቸው ዞረው ጓደኛቸውን «ምንድን ነው? ምን ሆነ?» እያሉ በአገጫቸው ይጠይቃሉ። እነሱም አልሰሙትም።

ኮሚቴው ጭንቅላቱን ያዘ። ኃላፊው «ይህ ሁሉ ሰው በፊሽካ ነው የሚሠራው» አለ፤ ለማንም አልነበረም የሚናገረው።

ጋሽ ድገሙት የበያጁን ትከሻ ሊነኩ እጃቸውን ዘረጉ። አባዬ ቀደማቸው። በወንበሩና በግድግዳው መሐል በጠባቧ ክፍተት ራሱን አሾልኮ ገባና፣ በያጁ ሊያየው በሚችልበት፣ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለ። ከዚያ እኛ በማንሰማው ዝቅተኛ ድምፅ፣ በአፉም በሁለት እጁም፣ ረቡዕ ከራሱ በላይ ምን እንደነበረ ይነግረው ጀመር።